ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ ቀዶ ሕክምና፦ የትኛው፣ መቼ፣ ከዚያ በኋላስ ወደ እርሻ?

የቢቸናው መምህር

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ታናሽ ወንድሜ የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን ከቢቸና ወጣ ባለ ቀበሌ በግብርና ይተዳደራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከበቅሎ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወለቀ፤ በአካባቢያችን የታወቁ ወጌሻ መለሱለት፤ ሕመሙም ብዙ ሳይቆይ ተወው። ከዚያ ወዲህ ግን ትከሻው እንደ ድሮው አልሆነም። መጀመሪያ ከባድ ሥራ ላይ ብቻ ይወልቅ የነበረው፣ ቆይቶ በሬ ለመንዳት ጅራፍ ሲያነሣ፣ አሁን ደግሞ ጋቢውን ወደ ኋላ ሲያጣፋ ሳይቀር ይወልቃል። ባለፈው ሰሞን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀንበር ሊያወርድ እጁን ወደ ላይ ሲሰድ አጠገቡ ነበርኩ፤ ክንዱ ከጆሮው ትይዩ ሳይደርስ ፊቱ ጠቆረ፣ በግራ እጁ ቀኝ ክርኑን ደግፎ ቁጭ አለ፤ ክብ የነበረው ትከሻው ተደፍጥጦ ከጫፉ ሥር ጎድጎድ ብሎ ይታይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ክንዱን አንጠልጥሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ራሱ መለሰው።

በቅርቡ ያዩት ሐኪም፣ ይህ ትከሻ ከእንግዲህ በመመለስ ብቻ እንደማይቆም፣ ቀዶ ሕክምናም እንደሚያስፈልገው፣ ዓይነቱም ሁለት እንደሆነ ነግረውት ሲቲ ስካን አዘዙለት። ቤተሰቡ በሐሳብ ተከፍሏል። እናታችን ቢላ የነካው ትከሻ እርፍ አይጨብጥም ብላ አጥብቃ ትቃወማለች፤ ወንድሜ ግን መቼ እንደሚከዳው የማያውቀውን ክንድ ይዞ መኖር መርሮታል። ሁለቱ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ምንና ምን ናቸው? የሚመረጡትስ በምን ነው? አንድ ገበሬስ ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው የሚመለሰው መቼ ነው? በሙያው ያላችሁ ብታስረዱን ከልብ አመሰግናለሁ።

የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፣ ባሕር ዳር

መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ትከሻውን ማን አሳምሮ እንደሚመልስለት ነው። አንድ ትከሻ ደጋግሞ ከወለቀ ግን መልስ የሚፈልገው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ለምን እንደማይቆም ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ምርጫም ሙሉ በሙሉ በዚሁ መልስ ላይ ይመሠረታል።

የትከሻ መገጣጠሚያ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ በላይ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ሲሆን የሚያርፍበት ጽዋ ግን ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፤ ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ የማስቀመጥ ያህል ነው። ይህ ክብ ራስ ተንሸራትቶ እንዳይወጣ የሚያግዘው፣ የጽዋውን ጠርዝ ዙሪያውን ከፍ የሚያደርገው ላብረም የተባለ ጠንካራ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ጋር የተያያዙት ጅማቶች እና በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ከሚወልቁት ትከሻዎች ከመቶ 95 ያህሉ ወደ ፊት ይወልቃሉ፤ በዚያን ጊዜም የፊተኛው ቀለበት ከጅማቶቹ ጋር ከአጥንቱ ላይ ይላቀቃል። በለንደን ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ብላንዴል ባንካርት በ1923 እና በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጽሑፎች ደጋግሞ የመውለቅ ዋና ምክንያቱ ይህ መላቀቅ መሆኑን ስላስረዱ ጉዳቱም ጥገናውም በስማቸው ይጠራል። ቀለበቱ ተላቅቆ በተሳሳተ ቦታ ከተጣበቀ ትከሻው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመለስ ፊት ለፊቱ በሩ ክፍት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የአጥንት ነው። የክንዱ አጥንት ራስ በወጣ ቁጥር የጀርባው ክፍል ከጽዋው ጠርዝ ጋር ይጋጭና ይሰረጉዳል፤ ይህን ስርጉድ ሂል እና ሳክስ የተባሉ ሁለት የራጅ ሐኪሞች በ1940 እ.ኤ.አ. ስለገለጹት በስማቸው ይታወቃል። የጽዋው የፊት ጠርዝም እየተፈረፈረ ወይም እየተሸራረፈ ያልቃል። የወንድምዎ ታሪክ ይህን አጥብቆ ያስጠረጥራል፤ በከባድ ሥራ ብቻ ይወልቅ የነበረ ትከሻ ጋቢ ሲያጣፉ መውለቅ ከጀመረ ከለስላሳው ክፍል በተጨማሪ አጥንቱም ሳይጎድል አይቀርም። ሲቲ ስካን የታዘዘውም የጎደለውን ለመለካት ነው፤ ተራ ራጅ መውለቁን ያሳያል እንጂ የጉድለቱን መጠን በትክክል አይሰጥም።

አሁን ወደ ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች ልምጣ። የመጀመሪያው የባንካርት ጥገና ነው፤ የተላቀቀው ቀለበትና መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው፣ የላላው ከረጢት ወደ ጽዋው ጠርዝ ተመልሶ ይሰፋል። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራው በአርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ፣ ክር የተያያዘባቸውን ትንንሽ መልሕቆች አጥንቱ ውስጥ በመትከል ነው። መሣሪያው በሌለበት በግልጽ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል፤ ባንካርት ራሳቸው ያደረጉት በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ በስቶ በክር ማሰር ነበር። የአጥንቱ ጉድለት አነስተኛ ከሆነ ይህ ጥገና መልካም ውጤት አለው። የጽዋው ስፋት ከ20 እስከ 25 ከመቶ ከጎደለ ግን ለስላሳውን ክፍል መስፋት ብቻውን እንደማይበቃ አብዛኛው ባለሙያ ይስማማል፤ የቅርብ ጊዜ ጥናቶችም ከዚያ ያነሰ፣ 13.5 ከመቶ ገደማ የሆነ ጉድለት እንኳ ብዙ በሚሠራ ወጣት ላይ ውጤቱን እንደሚያበላሽ አመልክተዋል።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ በ1954 እ.ኤ.አ. የገለጹት ሲሆን እርሱም በስማቸው ይጠራል። አሠራሩን በዝርዝር የምጽፈው እናትዎ ሲሰሙት ፍርሃታቸው ይቀንስ ይሆናል ብዬ ነው። ከትከሻው ፊት ለፊት፣ ከብብቱ እጥፋት በላይ፣ ቆዳው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይከፈታል። እዚያው ኮራኮይድ የሚባል ወደ ፊት የወጣ ትንሽ አጥንት አለ፤ ከዚህ አጥንት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው፣ ከጫፉ ላይ የሚነሡት ሁለት ጡንቻዎች እንደተያያዙ፣ በመጋዝ ይቆረጥና ሁለት ቀዳዳ ይበሳበታል። ከዚያ ከመገጣጠሚያው ፊት ያለው ሰብስካፑላሪስ የተባለ ጡንቻ በሥጋው ጭረት አቅጣጫ ይሰነጠቃል፤ ከጫፉ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ኃይሉ ይጠበቃል። የጽዋው የፊት ጠርዝ ደም እስኪያወጣ ድረስ ይፋቃል፤ አጥንት ከአጥንት ጋር የሚጋጠመው እንዲህ ሲሆን ነውና። የተቆረጠው አጥንት ጎዶሎው ቦታ ላይ ተቀምጦ በሁለት ብሎን ይታሰራል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ደረጃ ይህ ነው፦ የተተከለው አጥንት ከጽዋው ፊት ጋር እኩል መሆን ይገባዋል፤ ወደ ውጭ ካለፈ የክንዱን ራስ የሸፈነውን ለስላሳ ልም አጥንት ይፈገፍገዋል፤ ወደ ውስጥ ካፈገፈገ ደግሞ ድጋፉ ከንቱ ይሆናል።

ይህ ሥራ የጎደለውን አጥንት ከመተካቱም በላይ ሌላ ጥቅም አለው። ክንድ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲነሣ፣ ማለትም ጅራፍ በሚነሣበት በዚያው አኳኋን፣ አብረው የተዛወሩት ሁለት ጡንቻዎች በክንዱ አጥንት ራስ ፊት ለፊት ተወጥረው ይይዙታል። ትከሻው በጣም በሚፈራበት ሰዓት ድጋፉ ይበረታል ማለት ነው። አደጋ የለውም ግን አልልም። በአካባቢው የሚያልፉ ነርቮች ሊጎዱ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ አጥንቱ ሳይጋጠም ሊቀር፣ ብሎኑ ሊታጠፍ ወይም ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ አዘውትሮ በሚሠራው እጅ መሠራት አለበት። በግልጽ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ በመሆኑና ውድ መልሕቆችን ስለማይፈልግ፣ እንደ እኛ ላለ አካባቢ እጅግ ተስማሚ ነው ብዬ አምናለሁ።

የወጌሻ ልጅ፣ ሞጣ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወጌሻነት ያገለገሉ ናቸው፤ እኔም እየረዳኋቸው አድጌያለሁ፤ ስለዚህ የመምህሩ ጽሑፍ በቀጥታ ይመለከተኛል። አባቴ ትከሻን የሚመልሱት አብዛኛው ሰው እንደሚያደርገው ተረከዝ ብብት ውስጥ ሰክቶ በመሳብ አይደለም። ሰውየውን አልጋ ላይ በሆዱ አስተኝተው ክንዱ ወደ መሬት እንዲንጠለጠል ያደርጉና፣ ጡንቻው እስኪላላ እያጫወቱት ይጠብቃሉ። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጎትተው ተመልሶ ይገባል። ከመንካታቸው በፊትና ከመለሱ በኋላ የእጁን አንጓ ይዘው የደም ሥሩን ምት ያዳምጣሉ፤ ጣቶቹንም እንዲያንቀሳቅስ ያዝዙታል። አጥንት ሲንኮሻኮሽ የሰሙ እንደሆነ አይነኩትም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ።

ጥያቄዬ ለዶክተሩ ነው። በርስዎ አባባል ለመምህሩ ወንድም ተደጋጋሚ መውለቅ ተጠያቂው የመጀመሪያው ወጌሻ ነው? ሐኪም ቢመልሰው ኖሮ ዳግመኛ አይወልቅም ነበር?

የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ አይደለም። ቀለበቱ የሚላቀቀው ትከሻው በወለቀበት ቅጽበት ነው፤ የመለሰው ማንም ይሁን ማን ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ዳግመኛ መውለቁን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ዕድሜ ነው። ከ20 ዓመት በታች ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለቀባቸው ወጣቶች ከግማሽ በላይ ዳግመኛ ይወልቅባቸዋል፤ ከ40 ዓመት በላይ በሆነው ሰው ላይ ግን መደጋገሙ ይቀንስና በምትኩ ክንድ የሚያነሡት ጅማቶች መበጠስ ይበዛል። አንድ አዛውንት ትከሻቸው ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላ ክንዳቸውን ማንሣት ካቃታቸው ይህንኑ አስበን መመርመር አለብን።

አባትዎ የሚጠቀሙበት ክንድን አንጠልጥሎ የመጠበቅ ዘዴ በሕክምናው መጻሕፍት የስቲምሰን ዘዴ ተብሎ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገበ ነው፤ እኛም እናስተምረዋለን። ተረከዝ በብብት የመስካቱ ዘዴ ከሂፖክራተስ ዘመን የመጣ ቢሆንም ነርቭና የደም ሥር ስለሚጎዳ ዛሬ አይመከርም። አጥብቄ የምለምነው በሁለት ጉዳዮች ላይ ነው። የመጀመሪያው ከተመለሰ በኋላ አጥብቆ ማሰር ነው፤ በተለይ በሕፃናት ክርንና ክንድ ላይ በቀርከሃ ጠፍሮ ማሰር የደም ዝውውርን አግዶ እጅን እስከማስቆረጥ ያደርሳል፤ ይህን ዓይነት ልጅ በየጊዜው እናያለን፣ ሐዘኑም አይለመድም። ሁለተኛው ማሸት ነው። የወለቀ ክርን ከተመለሰ በኋላ በቅቤ እየታሸ በግድ ሲዘረጋ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅልና ክርኑ ደርቆ ይቀራል። ሳይመለስ የቆየ ክርንም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ሳምንት ካለፈው ያለ ቀዶ ሕክምና መመለስ በጣም ያስቸግራል፤ ከዚያ በኋላ ክርኑን ከፍቶ፣ ጠባሳውን አጽድቶ፣ አንዳንዴም ያጠረውን የኋላ ጡንቻ አስረዝሞ መመለስ ግድ ይሆናል፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ቀን ጋር አይወዳደርም። አባትዎን የመሰሉ ወጌሾች በየቀበሌው ይህን ቢያስተምሩልን ብዙ እጅ ይድናል።

ነርስ፣ እንጅባራ

እኔ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ እንዲሁም ከበዓሉ በፊት ባሉት የልምምድ ሳምንታት፣ ከፈረስ ወድቆ ትከሻው የወለቀ ሰው ወደ እኛ መምጣቱ የተለመደ ነው። ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ የማየውን ልጻፍ፤ ለቤተሰብም ይጠቅማል። ከትከሻው በታች፣ በላይኛው ክንድ የውጭ ጎን፣ መዳፍ የማይሞላ ቦታ ላይ በጥጥ እነካና ከደኅናው ጎን ጋር እኩል ይሰማው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ካልተሰማው ክንድን ወደ ጎን የሚያነሣው ጡንቻ ነርቭ ተጎድቷል ማለት ስለሆነ በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ሳይጻፍ ከተመለሰ በኋላ ቢታወቅ ጉዳቱ መቼ እንደደረሰ ማወቅ አይቻልም።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የወንድምዎ ትከሻ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ወልቆ ያውቃል? ጠዋት ሲነሣ ምላሱን ነክሶ ወይም ልብሱን አርጥቦ የተገኘበት ጊዜስ አለ? ይህን የምጠይቀው የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ትከሻው ደጋግሞ ስለሚወልቅ ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ቤተሰቡ በሽታውን ስለሚሸሽግለት በትከሻ ብቻ እየታከመ ይኖራል። በዚህ በሽታ ጊዜ ትከሻ ወደ ኋላም ሊወልቅ ይችላል፤ ከፊት ብቻ በተነሣ ራጅ ላይ ደግሞ የኋላው መውለቅ ደኅና መስሎ ያልፋል፤ ከጎን ወይም ከብብት በኩል የሚነሣ ሁለተኛ ራጅ ያስፈልጋል።

የቢቸናው መምህር

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ለወንድሜም ለእናታችንም አቅርቤላቸው ነበር፤ ሌሊት ወልቆበት አያውቅም፣ የተባሉትም ምልክቶች የሉም። ሆኖም ይህን ማንም ጠይቆን ስለማያውቅ እጅግ አመሰግናለሁ። በዶክተሩ የተጻፈውን የቀዶ ሕክምና አሠራር ለእናቴ ቃል በቃል አነበብኩላት፤ አጥንቱ ከራሱ ሰውነት የሚወሰድ መሆኑን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ አለች።

የፍኖተ ሰላም ተጫዋች

እኔ የምጽፈው ስለ ጉልበት ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ጥያቄ ግን ከመምህሩ ጋር አንድ ስለሆነ እዚሁ ላንሣው። በኳስ ሜዳ ለመታጠፍ ስሞክር ጉልበቴ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በሰዓታት ውስጥም አበጠ። እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ ሜዳ ላይ በደንብ እራመዳለሁ፣ ቁልቁለት ስወርድ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ተባልኩ። አንዱ ሐኪም በቶሎ ተሠራ ሲለኝ ሌላው ፊዚዮቴራፒ ሞክር ይለኛል። የተበጠሰውን ጅማት ለምን በቀላሉ አይሰፉትም?

የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፣ ባሕር ዳር

ኤሲኤል የሚገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ነው፤ ሲበጠስ በጫፎቹ መካከል የረጋ ደም ቆይቶ ድልድይ ሊሠራ ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ ቢሰፋም አይያያዝም። ለዚህ ነው በሌላ ጅማት የሚተካው። ከጭን ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ይወሰዱና ይታጠፋሉ፤ ውፍረታቸው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ወፍራም ጅማት መካከለኛው ክፍል በሁለቱም ጫፍ ከትንሽ አጥንት ጋር ይወሰዳል። ከዚያ በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት ላይ ጎድጓዳ መተላለፊያ ተበስቶ፣ አዲሱ ጅማት ድሮ ኤሲኤሉ በነበረበት መስመር ይሳብና ይታሰራል። ይህ ሁሉ ዛሬ በአርትሮስኮፒ ይሠራል፤ ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ በ1918 እ.ኤ.አ. የሟች ጉልበት ውስጥ በመመልከቻ ካዩ ወዲህ ዘዴው ብዙ ርቆ ሄዷል።

ሁለቱም ሐኪሞች የነገሩዎት ነገር መሠረት አለው። በስዊድን 121 ወጣት ጉዳተኞች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከፊሎቹን ወዲያው ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ፣ 59ኙን ደግሞ በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ካስፈለጋቸው ብቻ በኋላ እንዲሠሩ አደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ59ኙ ለቀዶ ሕክምና የደረሱት 23 ብቻ ሲሆኑ በሁለቱ ወገኖች ውጤት መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በአምስት ዓመት ግን ግማሽ ያህሉ ተሠርተዋል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ወር በእውነተኛ ልምምድ የጭኑን ጡንቻ ማጠንከር ተገቢ ነው። ከዚያም በኋላ ቁልቁለት ላይ የሚከዳዎት ከሆነ አይቆዩ፤ ጉልበት በከዳ ቁጥር ሜኒስከስ የተባለው የልም አጥንት ትራስ ይቀደዳል፣ እርሱ ከጠፋ በኋላ ጅማት ቢተካም ጉልበቱ ቶሎ ያረጃል። ከተሠሩም ከ9 ወር በፊት ወደ ኳስ አይመለሱ። የተተከለው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ ሕመም የለኝም ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ማርቆስ

የመምህሩ ሦስተኛ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰምና እኔ ልሞክር፤ በእኔ ልምድ የብዙ ሰው ቀዶ ሕክምና የሚበላሸው በዚህ በኩል ነው።

ከላታርዤ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዱ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል። ይህ ሲባል ደርቆ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ ጣቶቹን፣ አንጓውንና ክርኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቀሳቅሳል፤ ጎንበስ ብሎም ክንዱን በቀስታ ያወዛውዛል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ግን በዚያ እጁ ክርኑን አጥፎ ምንም ነገር አያነሣም፤ ውኃ የሞላ ጆግም ቢሆን። ክርን የሚያጥፈው ጡንቻ አንዱ ራስ የሚነሣው ከተዛወረው አጥንት ላይ በመሆኑ፣ አጥንቱ ሳይጋጠም ሸክም ማንሣት ብሎኑን መጎተት ነው። ይህን ምክንያት የተረዳ ሕመምተኛ ራሱን ይጠብቃል፤ አታንሣ ብቻ የተባለ ግን ሕመሙ ሲተወው ያነሣል።

ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ክንዱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እስኪሄድ ይሠራል። ሦስተኛው ወር ሲሞላ በራጅ ወይም በሲቲ አጥንቱ መጋጠሙ ታይቶ የማጠንከሪያው ልምምድ ይጀመራል። ከባድ ሥራ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ ለገበሬ እኔ ወደ ስድስቱ አደላለሁ፤ በሬ ድንገት ሲፈነግል እጅን እንዴት እንደሚስብ ሁላችንም እናውቃለንና።

ስለዚህ የቀጠሮው ወር ትልቅ ጉዳይ ነው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥር መጀመሪያ ቢሠራ፣ ስድስቱ ሳምንት የካቲት አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ሦስተኛው ወር ሚያዝያ መጀመሪያ ይሞላል፤ የጤፍ ዘር በሚዘራበት በሐምሌ ስድስት ወር ይሆነዋል። በመካከሉ ያለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ የሚደጋገመው እርሻ በወንፈል ወይም በቤተሰብ እጅ መሸፈን አለበት፤ ይህንንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነጋገር ይገባል። ያልታሰበበት እንደሆነ ወጣቱ መሬቱ ጦም እንዳያድር ሲል በሁለተኛው ወር እርፍ ይጨብጣል። በሐምሌ ሲመለስም እርፉን በቀኙ፣ ጅራፉን በግራው ቢይዝ እመርጣለሁ። እርፍ ሲጨበጥ ክንድ ከወገብ አጠገብ ዝቅ ብሎ ነው፤ ያ አቋም ለትከሻ አያሰጋም። ጅራፍ ግን ክንድን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ስለሚወስደው ለመጨረሻ ይቆይ።

በአጋጣሚ ስለ ቁርጭምጭሚትም አንድ ቃል ልበል፤ ደጋግሞ ወለም የሚለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን በመጠበቅና የእግሩን የውጭ ጡንቻ በማጠንከር ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ከወራት ትክክለኛ ልምምድ በኋላም ከከዳ፣ የላሉትን የውጭ ጅማቶች አሳጥሮ የሚሰፋ፣ ብሮስትረም በ1966 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ጥሩ ቀዶ ሕክምና አለ።

የቢቸናው መምህር

ሲቲ ስካኑ ተነሥቷል። ሐኪሙ የጽዋው ጠርዝ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው እንደጎደለና በክንዱ ራስ ጀርባም ሰፊ ስርጉድ እንዳለ አሳይተውናል፤ ላታርዤ ይሻላልም ብለዋል። ወንድሜ የወሰነው ያኔውኑ ነው። አጎቶቻችንም የጥር ወር ቀጠሮ ከተገኘ እስከ ግንቦት ያለውን እርሻ እኛ እንይዛለን ብለዋል። የጤና መድን አባል ስለሆነ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ጀምረን እያስያዝን ነው። ለእናቴ የቀራት ጥያቄ አንድ ነው፦ ብሎኖቹ ዕድሜ ልኩን ውስጡ ይቀራሉ ወይስ ዳግመኛ ተከፍቶ ይወጣሉ? ከመግባቱ በፊትስ ልናዘጋጀው የሚገባ ነገር አለ?

የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፣ ባሕር ዳር

ለእናትዎ እንዲህ በሉልኝ፦ ብሎኖቹ ካላስቸገሩ አይወጡም፤ አጥንቱ ከተጋጠመ በኋላ ሥራቸው ያበቃል፣ እዚያው ቢቀመጡም ጉዳት የላቸውም። የሚወጡት ከላሉ፣ ከታጠፉ ወይም የክንዱን ራስ ከነኩ ብቻ ነው።

ሲመጣ የሲቲውን ፊልም ወይም ሲዲ ራሱን ይዞ ይምጣ፤ የተጻፈው ውጤት ብቻ አይበቃንም፣ ጉድለቱን ራሳችን መለካት አለብን። በገላው ላይ፣ በተለይ በብብቱና በትከሻው አካባቢ፣ ቁስል ወይም ብጉንጅ ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ በብሎን ላይ የሚደርስ ምርቀዛ አስቸጋሪ ነው። የሚያጨስ ከሆነ አሁኑኑ ይተው፤ ሲጋራ አጥንት እንዳይጋጠም ያደርጋል። ትከሻው እስከዚያ ድረስ ዳግመኛ እንዳይወልቅ እጁን ከራሱ በላይ በሚያነሣ ሥራ ላይ አታሰማሩት፤ በወለቀ ቁጥር ሌላ ጥቂት አጥንት ይሄዳል። ከወጣ በኋላ ትኩሳት፣ የቁስል ፈሳሽ ወይም አዲስ የእጅ መደንዘዝ ቢኖር የቀጠሮ ቀን ሳትጠብቁ ወዲያው አምጡት። ፊዚዮቴራፒውን ደብረ ማርቆስ ቢከታተል ይቀርበዋል፤ ባሕር ዳር ድረስ መመላለስ ስለሚከብድ፣ የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ጽፈን ለባለሙያው በእጁ እንሰጠዋለን።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ማርቆስ

ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ እቀበለዋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም አንድ ቀን ቢመጣ የመጀመሪያዎቹን እንቅስቃሴዎች ሕመም ሳይኖረው አስተምረዋለሁ፤ ከእናቱ ጋር ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፣ ቤት ውስጥ የምትከታተለው እርሷ ናትና።

የቢቸናው መምህር

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱንም ይዣቸው እመጣለሁ።